የገደሉ ሰማያዊ አበባ ለምን ከደጃችን ራቀ?

ከመስከረም 26 ቀን እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ ያሉትን 40 ቀናት ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ወርኃ ጽጌ ብላ ሰይማ፣ የእመቤታችንን ከልጇ ጋር ወደ ምድረ ግብፅ መሰደድ እያሰበች በምታከብርበት ወራት፣ በደብረ ማርቆስ ከተማና በዙሪያዋ ባሉት አድባራት ሁሉ፣ ሊቃውንቱ ለአባ ጽጌ ብርሃን የሚሰጡት ማኅሌተ ጽጌ በየሰንበቱ ሌሊት ይቆማል፤ መሪጌታው ይመራል፣ ደብተራው መቋሚያውን ተደግፎ ጸናጽሉን እያሰማ ይቀበላል፣ እናትና ልጅም በአበባና በፍሬ፣ በቀለምና በመዓዛ እየተመሰሉ ሲወደሱ ይነጋል። በዚያው ሰሞን ከከተማው ወጣ ብሎ ሽቅብ ወደ ጮቄ ተራራ፣ ወይም ቁልቁል ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚጓዝ ሰው ማኅሌቱ በቃል የሚያወሳውን በዓይኑ ያየዋል፤ ኑጉ በየማሳው ቢጫ ለብሶ፣ አደዩ በየድንበሩ ፈክቶ፣ የቀጋው ቁጥቋጦ በየአጥሩ ተንዠርግጎ፣ ክረምቱ የዘጋው ሰማይ ተከፍቶ ይጠብቀዋል።

ይሁንና ሌሊቱን ሙሉ ስለ አበባ ሲዘመር ቆሞ ያደረው ምእመን ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤቱ ሲመለስ በደጁ የሚቀበለው ምንድን ነው? ጌሾ አለ፤ ጎመንና ድንች አለ፤ ከማጀቱ ጀርባ ጤና አዳም፣ በሶብላና ኮሰረት አሉ፤ ከአጥሩ ጥግ ሁለት ሦስት እግር ባሕር ዛፍ አለ። ለአበባነቱ ብቻ ተብሎ በእጅ የተተከለ፣ ውሃ የሚጠጣ፣ የሚታረምና የሚኮተኮት አበባ ግን የሚገኘው ከብዙ ቤት በአንዱ ነው፤ እርሱም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ጽጌረዳ ነው፤ ጽጌረዳም ካልሆነ በቆርቆሮ ጣሳ ተተክሎ በመስኮት ሥር የተቀመጠ አንድ ጄራኒየም ነው።

የስድስቱን ቀን ፍጥረት የሚተርከው የአክሲማሮስ መጽሐፍ መምህራን በዕለተ ሠሉስ ከምድር የተገኙትን ፍጥረታት ሲያስተምሩ፣ በእጅ የሚለቀሙ አትክልት፣ በማጭድ የሚታጨዱ አዝርዕት፣ በምሳር የሚቆረጡ ዕፀዋት እያሉ በሦስት ይከፍሏቸዋል። ይህ አከፋፈል ፍጥረቱን የሚለየው በሰው እጅ ባለው መሣሪያ በመሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል፤ የጎጃም ገበሬም ለሦስቱም መሣሪያ አንሶት አያውቅም። ለአበባ የዘረጋነው እጅ ግን አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የሚቀጥፈው ነው። አደይን ልጃገረዶች ለዕንቁጣጣሽ ከሜዳ ይቀጥፉታል እንጂ በደጁ ዘርቶ ያበቀለው ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ቄጤማው ከወንዝ ዳር ታጭዶ ይመጣና በቤቱ ወለል ይጎዘጎዛል፤ ከበዓሉ ማግስት ሁለቱም በመጥረጊያ ተጠርገው ይወጣሉ። እግዚአብሔር ያለ ድካማችን የሰጠን ብዙ ስለ ሆነ ለአበባ መድከምን እንደ ሥራ ፈትነት የመቁጠር ልማድ ሥር ሰዶብን ቀርቷል።

እኔ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር ጠባብ ነው። የደጋው ጎጃም ሰው በደጁ አበባ ሊተክል ይገባዋል፤ ከሚተክለውም መካከል የመጀመሪያው ሥፍራ የሚገባው ከባሕር ማዶ በወረቀት ፓኮ ታሽጎ የሚመጣው ሳይሆን፣ በገዛ አገሩ በደጋው ተዳፋትና በገደሉ አፋፍ የሚያብበው የዴልፊኒየም ወገን ነው።

ዴልፊኒየም በዓለም ላይ ከ300 በላይ ዓይነት ያለው፣ አብዛኛውም በሰሜኑ የምድር ክፍል በቀዝቃዛ ተራሮች ላይ የሚኖር ተክል ሲሆን፣ ከዚያ ሁሉ ብዛት ውስጥ ጥቂቶቹ ብቻ ወደ ደቡብ ወርደው በአፍሪካ ደጋ ላይ ሠፍረዋል። ቅጠሉ እንደ ተዘረጋ መዳፍ የተሰነጣጠቀ ነው፤ ከቅጠሉ መካከል አንድ ቀጥ ያለ አገዳ ይወጣና እንቡጦቹ ከታች ጀምረው ወደ ላይ በተራ ይፈነዳሉ፤ ስለዚህ የታችኛው አበባ ጠውልጎ ፍሬ መያዝ ሲጀምር የላይኛው ገና እንቡጥ ነው። አንዱን አበባ ነጥሎ በጣቱ መካከል ይዞ ላስተዋለ ሰው ነገሩ ሁሉ ከመጀመሪያው እይታ የተለየ ሆኖ ይገኛል። ዓይን ቀድሞ የሚያርፍባቸው አምስቱ ሰማያዊ ክፍሎች፣ የአበባው ቅጠሎች ቢመስሉም፣ በእውነቱ እንቡጡን ሸፍነው የነበሩት የውጭ ልባሶች ናቸው፤ ከአምስቱም የላይኛው ወደ ኋላ ተስቦ እንደ ሹል ቀንድ ይረዝማል። እውነተኞቹ የአበባ ቅጠሎች አራት ጥቃቅን ነገሮች ናቸው፤ በመካከል ተሰብስበው አበባውን ዓይን ያለው ያስመስሉታል፤ ከእነርሱም ሁለቱ ጅራታቸውን ወደዚያው ቀንድ ውስጥ አስገብተው ወለላውን በጥልቁ ያጠራቅማሉ። ወንዴው ክፍል ቀድሞ ደርሶ ብናኙን ከረጨ በኋላ ነው ሴቴዋ የምትዘጋጀው፤ አበባው ከራሱ ጋር እንዳይጋባ የተሠራ ሥርዓት ነው። ሲደርቅ በሦስት የተከፈለ ሙዳይ መሰል ፍሬ ይቀራል፤ የሙዳዩ አፍ ሲከፈት ጥቃቅኖቹ ዘሮች በነፋስ መወዛወዝ ብቻ ይበተናሉ።

ለወገኑም ባዕዳን አይደለንም። በእያንዳንዷ የጎጃም እመቤት ማጀት የሚገኘው ጥቁር አዝሙድ የዴልፊኒየም የቅርብ ዘመድ ነው፤ የዕፀዋት ሊቃውንት ሁለቱን በአንድ ቤተሰብ ይመድቧቸዋል። በየቁጥቋጦው ላይ ነጫጭ አበባውን አልብሶ የሚንጠላጠለው አዞ ሐረግ ከዚያው ቤት ነው፤ የባህል ሐኪሞች ሥሩን የሚፈልጉት ስረ ብዙም እንዲሁ። ቤተሰቡን በቅመምነትና በመድኃኒትነት አሳምረን እናውቀዋለን፤ በአበባነቱ ግን ለይተን አላየነውም።

በአገራችን ደጋ በዱር ከሚበቅሉት የዴልፊኒየም ዓይነቶች አንዱ ዳሲካውሎን የሚባለው ነው፤ አበባው ጥልቅ ሰማያዊ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ ውጭም በልዩ ልዩ የአፍሪካ ከፍተኛ ቦታዎች ላይ ይገኛል። ይህን ተክል ለሳይንስ ያሳወቀው ፍሬሴኒየስ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪምና የዕፀዋት ሊቅ ነበር፤ ለእርሱም ከሐበሻ ምድር ዕፀዋት ሰብስቦ የወሰደለት የአገሩ ሰው ኤድዋርድ ሩፔል ነው፤ ሩፔል እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ መጀመሪያ በምፅዋ በኩል ገብቶ ሰሜንን ተሻግሮ ጎንደር ድረስ የዘለቀ ተጓዥ ነበር። ሌላው ዌልቢ የሚባለው ዓይነት ነው፤ ስሙ የተወሰደው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ እስከ ቱርካና ሐይቅ ከተጓዘው ከእንግሊዛዊው መኮንን ከካፒቴን ዌልቢ ነው። ይህ ሁለተኛው ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ በተፈጥሮ የማይገኝ፣ ቀለሙ የጠራ የጥዋት ሰማይ የመሰለ፣ ከዚያም በላይ መዓዛ ያለው አበባ ነው፤ ዛሬ የአውሮፓ አትክልተኞች የሚኮሩባቸው ታላላቆቹ ዴልፊኒየሞች ደግሞ ሽታ የላቸውም። በዕፀዋት መጻሕፍት ውስጥ ገደል አሙቅ በሚል የአማርኛ ስም ተመዝግቦ እናገኘዋለን፤ እኔም ከዚህ በኋላ ሁለቱንም የአገራችንን ዓይነቶች በዚሁ ስም እጠራቸዋለሁ።

የባሕር ማዶው ዴልፊኒየም ታሪክ ረጅምና የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም እዚህ ጥቂት ልበል። ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ ተራሮች የመጣ ኤላተም የሚባል ዱር በቀል ተክል፣ በ19ኛው መቶ ዓመት በፈረንሳይና በእንግሊዝ አትክልተኞች እጅ እየተዳቀለ፣ ቁመቱ ከሰው በላይ፣ አበባውም ጥቅጥቅ ያለ ሆነ፤ በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1928 ለዚህ አንድ አበባ ብቻ የቆመ ማኅበር ተመሠረተ። ቀደም ሲል የሮማንያይቱ ንግሥት ማርያ አትክልተኛ የነበረው ፍራንክ ራይኔልት ወደ ካሊፎርንያ ተሰዶ፣ ከዘር በቀላሉ የሚበቅለውን ግዙፉን የፓሲፊክ ወገን አወጣ፤ ዛሬ በዓለም ገበያ በፓኮ የሚሸጠው ዘር በአብዛኛው የዚያ ሰው ልፋት ትሩፋት ነው። በሆላንድም በዋኽኒንገን አንድ ሊቅ ሰማያዊውን ከካሊፎርንያ ቀይ ዓይነቶች ጋር እያዳቀለ ቀይ ዴልፊኒየም ለማውጣት ብዙ ዓመት ደክሟል። ጥበቡ ያስመሰግነዋል፤ በቀይ አበባ በተሞላ ዓለም ውስጥ ያለውን ጥቂት ሰማያዊ ወደ ቀይ ለመለወጥ ያን ያህል መድከም ለምን እንዳስፈለገ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

እነዚህ ባለጸጋ የአውሮፓ ልጆች ወደ ደብረ ማርቆስ ቢመጡ ምን ይገጥማቸዋል? ብርዱ ይስማማቸዋል፤ ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች በመሆኗ፣ በቆላው የሚያሸንፈው ሙቀት ዴልፊኒየምን እዚህ አያገኘውም። የሚጎድለው ሌላ ነገር ነው፤ እርሱም የቀኑ ርዝመት ነው። ኤላተም የተፈጠረው በበጋ ወራት ፀሐይ 16 ሰዓት በምታበራበት አገር ስለ ሆነ፣ አበባውን በሙሉ ኃይሉ የሚያወጣው ቀኑ ሲረዝምለት ነው፤ እኛ ግን ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 10 ዲግሪ ያህል ብቻ ርቀን ስለምንኖር፣ በዓመቱ ውስጥ ረጅሙ ቀናችን 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ የአውሮፓው ዴልፊኒየም በአገሩ ክረምት ወራት ከመሬት በላይ ያለው አካሉ ሞቶ፣ በረዶ ሥር ሆኖ ማንቀላፋትን የለመደ ነው፤ የእኛ ሌሊት ቢቀዘቅዝም ያን ያህል እንቅልፍ አይሰጠውም። ስለዚህ አበባውን ለገበያ የሚያመርቱ ትላልቅ እርሻዎች በሌሊት አምፖል እያበሩ ቀኑን ያራዝሙለታል። የደብረ ማርቆስ መምህር ወይም ጡረተኛ በጓሮው እንዲህ ያድርግ ማለት በመብራት ቆጣሪው ላይ መቀለድ ነው።

ገደል አሙቅ ግን ከጥንት ጀምሮ በ12 ሰዓት ቀንና በ12 ሰዓት ሌሊት መካከል የኖረ፣ ክረምታችንን ክረምት፣ በጋችንን በጋ ብሎ የተቀበለ ተክል ነው። ዝናቡ ሲገባ ቅጠሉን ያወጣል፣ ዝናቡ ሲያበቃ ያብባል፣ ምድር ሲደርቅ ኃይሉን በሥሩ ከቶ ይጠብቃል። አበባው በአውሮፓው አጠገብ ቢቆም ቀጭንና አነስተኛ መስሎ መታየቱን አልክድም፤ በአንድ አገዳ ላይ የሚደረደሩት አበቦች ጥቂቶች ናቸው፣ በመካከላቸውም ክፍተት አለ። እኔ ግን ያን ክፍተት እወደዋለሁ። ግዙፉ የፓሲፊክ ዴልፊኒየም ከሩቅ ሲያዩት እንደ ቆመ የሰማያዊ ጨርቅ ጥቅልል ነው፤ የእኛው እያንዳንዱን አበባ ከነቀንዱ ለብቻው ያሳያል።

ደግሞ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ተክሉ ቢስማማም የእኛ መሬት አንዳንድ ነገር ሳይደረግለት አበባውን አይቀበልም። በደብረ ማርቆስ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር በብዙ ዘመን ዝናብ ታጥቦ ኮምጣጣ ሆኗል፤ ገበሬው ስንዴና ገብሱ እምቢ ሲለው ኖራ መበተን የጀመረው በዚሁ ምክንያት ነው። ዴልፊኒየም በጠቅላላው ኮምጣጣ አፈር አይወድም። የከተማ ሰው ኖራ ፍለጋ መሄድ ሳያስፈልገው፣ በየዕለቱ ከምድጃው የሚወጣውን የእንጨት አመድ በልኩ ከበሰበሰ ፍግ ጋር ቢቀላቅል ይበቃዋል። ከኮምጣጣነቱ የሚብሰው ጠላት ግን በክረምት የሚቋጥረው ውሃ ነው። ጥቁሩ መረሬ በተለይ በሐምሌ ረግረግ ይሆናልና፣ ሥሩ በውሃ የተዘፈቀ ዴልፊኒየም ከአንገቱ በስብሶ በአንድ ሳምንት ይወድቃል። ገበሬያችን በማሳው ላይ ውሃ ማስወገጃ ፈሰስ መቅደድን ከአባቱ ተምሮታል፤ ያንኑ ጥበብ በትንሹ ወደ ጓሮ አምጥቶ፣ መደቡን አንድ ክንድ ያህል ከፍ አድርጎ፣ ግራና ቀኙን መቅደድ ነው። ገደል አሙቅ በተዳፋት ላይ መኖር የመረጠው ውሃው ቶሎ ስለሚወርድለት ነውና፣ በጓሯችን ያንን ተዳፋት ልንሠራለት ይገባል።

ዘሩ ትዕግሥት ይፈልጋል። በክፍት ጣሳ ተቀምጦ በሙቀት የከረመ የዴልፊኒየም ዘር ቶሎ ይሞታል፤ ብዙ ሰው ዘሩ አልበቀለልኝም ብሎ የሚያማርረው የሞተ ዘር ዘርቶ ነው። ሙዳዩ ቡኒ ሆኖ አፉን መክፈት ሲጀምር፣ ሳይበተን በፊት በወረቀት ላይ አራግፎ፣ ጥላ ላይ አድርቆ፣ በተከደነ ብልቃጥ በማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር ነው፤ ማቀዝቀዣ የሌለው ከቤቱ ሁሉ ቀዝቃዛውንና ደረቁን ጥግ ይምረጥለት። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት በግንቦት አጋማሽ፣ ወንፊት ባለፈ ለስላሳ አፈር በተሞላ ሣጥን ላይ ተዘርቶ፣ የጤፍ ዘር በሚሸፈንበት መጠን ስስ አፈር ለብሶ፣ እስኪበቅል ድረስ በጨርቅ ወይም በቅጠል ከብርሃን ይከለል፤ ዴልፊኒየም በጨለማና በቅዝቃዜ መብቀልን ይመርጣልና። ችግኙ ሁለት ሦስት እውነተኛ ቅጠል ካወጣ በኋላ ወደ መደቡ ይዛወራል። ከዚያ ወዲያ ያለው ክርክር ከቀንድ አውጣ ጋር ነው፤ በሐምሌና በነሐሴ ሌሊት ለስላሳውን ቡቃያ ከሥሩ ግጦ ያድራል። አመድ መነስነስ ያግዛል የሚሉ አሉ፤ ዝናብ እስኪመታው ድረስ እውነት ነው፣ የሐምሌ ዝናብ ግን መቼ ፋታ ይሰጣል? ማታ ማታ ባትሪ ይዞ እየዞሩ መልቀም ይበልጣል፤ ልጆችም ይህን ሥራ ይወዱታል።

አገዳው ሲረዝም ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስና ድንገት የሚጥለው በረዶ አንዱን ሌሊት አብቦ ያደረውን ጠዋት ተሰብሮ እንድናገኘው ያደርጉናልና። ለዚህ ከእንጅባራ በኩል የሚመጣው ቀርቀሃ የታደለ ነገር ነው፤ ቀጭኑን ሰንጥቆ ከአገዳው ጎን ተክሎ፣ በቃጫ ላላ አድርጎ ማሰር ነው። አበባው ሲያልፍ ለዘር የሚፈለገውን ትቶ ሌላውን ከሥሩ አጠገብ የቆረጠ ሰው፣ ውሃ ካልነፈገው ዳግመኛ አገዳ ሊያወጣለት ይችላል።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ግን በደለኛ እሆናለሁ። ዴልፊኒየም ከሥሩ እስከ ዘሩ መርዝ ነው። በምዕራባዊው የአሜሪካ ክፍል በግጦሽ ላይ ያሉ ከብቶችን ከሚገድሉት ዕፀዋት ከዋነኞቹ አንዱ ይኸው ወገን ነው፤ በውስጡ ያሉት ንጥረ ነገሮች የጡንቻን ትእዛዝ ከነርቭ ያቋርጣሉ፣ ከብቷም እግሯ ከድቷት ትወድቅና መተንፈስ ያቅታታል። በእኛ ከተማ ማታ ማታ ላም ወደ ግቢ የምትገባበት ቤት ብዙ ነው፤ ስለዚህ አበባው የሚተከለው ከብት በማይደርስበት በአጥር ውስጥ ነው፣ የተቆረጠውም አገዳ ለላም የሚጣል ሣር አይደለም፤ ይቀበራል ወይም ይቃጠላል። ከጎመንና ከድምብላል መደብ አርቆ መትከል፣ ልጆችንም ይህ ይታያል እንጂ አይቀመስም ብሎ ማስተማር ነው። መርዝነቱ ግን ከደጅ ለማባረር ምክንያት አይሆንም፤ እንዶድን በየአጥሩ ያኖረ፣ ቅንጭብን በየድንበሩ የተከለ ሕዝብ መርዝ ካለው ተክል ጋር መኖርን ያውቅበታል።

አበባ ትከሉ ሲባል ለንብ ይጠቅማል የሚለውን ምክንያት ማስቀደም በጎጃም የተለመደ ነው፤ የማር አገር ነንና። ስለ ዴልፊኒየም ግን ይህን ቃል መግባት አልችልም። ወለላው በረጅሙ ቀንድ ጥልቅ ውስጥ የተሸሸገ በመሆኑ የቀፏችን ንብ ምላሷ አይደርስላትም፤ በአውሮፓ የሚያራባው ባለ ረጅም ምላሱ፣ ባለ ጸጉሩ ባምብልቢ የሚባለው ትልቅ ንብ ነው፤ እርሱም ከሰሃራ በታች ባለው የአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የለም። ስለዚህ የባሕር ማዶውን ዓይነት በጓሮው የተከለ ሰው ዘር ቢያምረው፣ የዶሮ ላባ ጫፍ ይዞ ብናኙን ከአንዱ አገዳ ወደ ሌላው ራሱ ማመላለስ ሳይኖርበት አይቀርም። ለማር የሚተክል ሰው አደይን ይዝራ፣ ግራዋን ይትከል፤ ገደል አሙቅን የሚተክል ሰው ደጁ እንዲያምርለት ፈልጎ ይትከል። ማማር ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም የሚል ሰው፣ ለምን ቤቱን በበዓል ቀለም እንደሚቀባ ራሱን ይጠይቅ።

መሬቱ ጠቦ ሳለ አበባ ምን ሊረባን ነው የሚለው ክርክር ክብደት አለው፤ በተለይ የከተማው ቦታ በካሬ ሜትር በሚለካበት በዛሬው ዘመን። ግን የምለምነው መሬት የአንድ መደብ ጥግ ነው፤ ለጌሾውም ለጎመኑም ቦታ አያሳጣም። ገበሬያችንም አዲስ ተክል የሚፈራ ሰው አይደለም፤ በአዊ ያሉ ገበሬዎች ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተቀብለው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ኮረብታውን እንዴት እንደ ለወጡት አይተናል፤ ባሕር ዛፍም ቢሆን በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የገባ እንግዳ ነበር። ያጣነው የመትከል አቅም አይደለም፤ ገንዘብ የማያመጣውን ነገር የሚያስተዋውቅልን ነው።

ለምን የአገሩን እንዳስቀደምኩ የሚጠይቀኝ አንባቢ ቢኖር ከቀኑ ርዝመት ሌላ አንድ ምክንያት ልጨምር። ከሩቅ አገር ለውበቱ ተብሎ የመጣ አበባ ሁሉ በመደቡ ተወስኖ አይቀርም። ጣና ሐይቅን የወረረው እምቦጭ በመጀመሪያ ከአማዞን ወንዝ አገር ወጥቶ ዓለምን የዞረው አበባው አምሮ ስለ ታየ ነው፤ በጣና ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያመጣውን መከራ ዓሣ አጥማጁ ይንገረን። የወፍ ቆሎም በየአገሩ የአጥር ጌጥ ሆኖ ገብቶ ግጦሽ አጥፍቷል። የባሕር ማዶው ዴልፊኒየም እንዲህ ይወርራል ማለቴ አይደለም፤ ወረራ የሚችል ተክል አይደለም። ዳሩ ግን ከእጃችን ያለውን ሳንሞክር ወደ ፓኮው መሮጥ ልማድ ሲሆን፣ ከፓኮው የሚወጣውን ሁሉ የሚመረምር ሰው እየጠፋ ይሄዳል።

ገደል አሙቅን ወደ ደጅ አምጡ ስል ግን አካፋ ይዛችሁ ወደ ገደል ውጡ ማለቴ እንዳይመስል እፈራለሁ። ከሥሩ ተነቅሎ የመጣ የዱር ዴልፊኒየም በአብዛኛው አይጸድቅም፤ ሥሩ ከድንጋይ መካከል ሲወጣ ይቆረጣልና። ተራራውም ባዶውን ይቀራል፤ በተለይም እንደ ዌልቢ ያለውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የሌለን ነገር መንቀል ደግሞ የማይከፈል ዕዳ ነው። መንገዱ ዘር ነው፤ ከአንዱ ተክል ላይ ካሉት ብዙ ሙዳዮች አንዱን ወይም ሁለቱን ወስዶ የቀረውን ለነፋሱ መተው ነው።

ይህንንም እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው ያድርገው ማለት ነገሩን ማጓተት ነው። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየወረዳው የችግኝ ጣቢያ ተስፋፍቷል፤ በየክረምቱ የሚቆጠረውና የሚነገረው ግን በምሳር የሚቆረጠው ዕፅ ነው፤ በአበባ ስም አንድ መደብ የያዘ ጣቢያ ጥቂት ነው፣ ያውም ከያዘ ጽጌረዳ ነው። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት የተባለው ባለ ብዙ ቅጽ መጽሐፍ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተዘጋጅቶ በ2001 ዓ.ም. ሲጠናቀቅ፣ የትኛው ዓይነት በየትኛው ክፍለ ሀገር እንደሚበቅል ተጽፎ አልቋል፤ አዲስ አበባ ላይም በእንጦጦ ግርጌ የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል የአገር በቀል ተክሎችን ይዞ ተቀምጧል። እውቀቱ አለ ማለት ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የግብርና ተማሪዎች በመምህራቸው መሪነት በኅዳርና በታኅሣሥ ከጮቄ ግርጌ ዘሩን ለቅመው፣ ከየት እንደ ተለቀመ በወረቀት ጽፈው፣ በግንቦት በጣቢያው ቢዘሩት፣ የከተማው አስተዳደርም ከመንገድ ዳር ከሚያስተክላቸው ችግኞች መካከል ጥቂቱን ቦታ ቢለቅለት፣ በሚቀጥለው መስከረም ችግኙ በማዳበሪያ ከረጢት ተቆርጦ በተሠራ ፌስታል ታስሮ ከጽጌረዳው ጎን በገበያ ሊቆም ይችላል። ዋጋውን ከጽጌረዳው በታች እንዲያደርጉት ብቻ እለምናለሁ፤ የሚሸጡትም ወጣቶች ለገዢው ሁሉ መርዝ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩ።